የሴቶችን ፈቃድ ስለ መጠየቅ

በዚህ ወር የምንጽፈው ነገር በብዙ ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር፥ ባንዳንዱም ቤት ከቶ የማይነገር ነው። ይኸውም ሴቶች ልጅን አራርቀው ለመውለድና ራሳቸውን ከአባላዘር በሽታ ለመጠበቅ ከተዘጋጁት መድኃኒቶችና መሣሪያዎች የትኛውን እንደሚወዱ፥ የትኛውን እንደሚጠሉ፥ ስለ ምንም እንደሚጠሉት በጥናት ስለ መጠየቅ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥር በሚታተም መጽሔት እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማንሣት የማይገባ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም፤ ዳሩ ግን መድኃኒቱ ዛሬ በየጤና ኬላው ይሰጣል፥ በየመድኃኒት ቤቱም ይሸጣል፥ ምእመናኑም ይወስዱታል። ቤታችን የገባውን ነገር እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ከጨዋነት የሚቈጠር አይመስለንም።

አስቀድሞ አንድ ነገር እናስታውቅ። መከላከያ መውሰድ የተገባ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ዛሬ አናነሣም፤ እርሱ የሊቃውንትና የንስሐ አባቶች ጉዳይ ነው፥ የየቤቱም ችግር ልዩ ልዩ ነው። የእኛ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ መድኃኒቱን ወስዳ የምታድረው እናት ምን ደረሰባት? ማንስ ጠየቃት?

የወገራ፥ የዳባትና የደባርቅ ሰው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የሸጠውን ከሸጠ በኋላ ወደ ጐንደር ፒያሳ ብቅ ማለቱ የታወቀ ነው። ጣልያን ሠርቷቸው በሄደው ሕንፃዎች መካከል፥ ከፖስታ ቤቱና ከሲኒማ ቤቱ ወዲህና ወዲያ፥ መድኃኒት ቤቶች አሉ። ከባንኮኒው ፊት የምትቆመውን ሴት ልብ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትሸፈናለች፤ ከኋላዋ ሦስት አራት ሰው ተሰልፏል፥ ምናልባትም አንዱ የጐረቤቷ ልጅ ነው። ባንድ ቃል ትጠይቃለች፥ የተሰጣትን ይዛ ትሄዳለች። ያለፈው መድኃኒት ራሷን አሟት፥ ደም አብዝቶባት፥ ወይም ከባሏ ጋር አጣልቷት እንደ ሆነ ለመናገር ያ ባንኮኒ አይመችም። ሻጩም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ወረፋው ፋታ አልሰጠውም። እንዲህ ሆኖ የምትወደውና የምትጠላው ነገር እርሷው ዘንድ ይቀራል፤ ወደ መድኃኒት ቀማሚውም፥ ወደ ጤና ሚኒስቴርም፥ ወደ ባሏም አይደርስም።

ሀገራችን በዚህ ረገድ እንደ ቀድሞዋ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በማስታወቂያ መንገርን እንኳ ይከለክል ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ነገሩን የሚያውቀው የአዲስ አበባና የጥቂት ከተሞች ሰው ብቻ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መከላከያ የሚወስዱት ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 8 ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቊጥሩ 36 ደረሰ፥ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ 41። በአማራ ክልል በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 47 ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀበሌ ለቀበሌ በእግራቸው መዞራቸው ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አለ። እነዚያ ልጃገረዶች በጭቃና በገደል የተመላለሱትን ያህል ምስጋና ያገኙ አይመስለንም።

ነገር ግን በዚያው በ2016ቱ ጥናት ውስጥ ሰው እምብዛም የማያነሣው ሌላ ቊጥር አለ። መከላከያ ከጀመሩት ከመቶ 35 የሚሆኑት ዓመት ሳይሞላቸው ያቋርጡታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ልጅ ፈልገው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሌሎቹ ግን መድኃኒቱ ስላልተስማማቸው ነው፤ ሲያቋርጡም ተመልሰው ሄደው ይህ አልተስማማኝም አይሉም። ዝም ብለው ይቀራሉ። በመዝገቡ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል፥ ምክንያቱ ግን በቤቷ ይቀበራል።

በሀገራችን ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ36ቱ 23ቱ እርሱን የሚወስዱ ነበሩ። በክንድ ሥር የሚቀበረው 8 ሲሆን፥ ሉፑና በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን እያንዳንዳቸው 2 ያህል ናቸው። እንግዲህ ሴቶቻችን መርፌን መረጡ ይባላል። መረጡ የሚለው ቃል ግን መመርመር አለበት። ጤና ኬላው የያዘው መርፌ ብቻ ሲሆንና ሴቲቱም ያንኑ ስትወስድ፥ ያገኘችውን ወሰደች እንላለን እንጂ መረጠች አንልም። በርግጥ በመርፌው ውስጥ እርሷ የምትወደው ነገርም አለ። ቶሎ ያልቃል፤ በቤት የሚቀመጥ፥ ከሣጥን ውስጥ የሚገኝ ነገር የለውም፤ ባልና አማት ሳያውቁ ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት የሚያሳዝን ነው፥ ግን እውነት ነው።

መርፌውን ስትወጋ ልትሰማቸው የሚገቡ ነገሮች ደግሞ አሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያለ ጊዜው ሊመጣ፥ ሊንጠባጠብም ይችላል። ዓመት ሲሞላ ከሚወጉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቀራል፤ ይህም በሽታ አይደለም፥ ደሙም በሆድ ውስጥ አይጠራቀምም። ካቆመች በኋላ ማርገዝ ብትፈልግ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በመካከለኛ ግምት 10 ወር ያህል ይወስዳል፤ ይህን ያልተነገራት ሴት መካን ሆንኩ ብላ ታለቅሳለች። ከሁሉ በላይ ግን መርፌው ከበሽታ አያድንም። ኤች አይ ቪን፥ ቂጥኝን፥ ጨብጥን አይከለክልም። በክንድ የሚቀበረውም፥ ክኒኑም፥ ሉፑም እንዲሁ ናቸው። እስከ ዛሬ እርግዝናንና በሽታን ባንድነት የሚከለክለው የወንዱም ሆነ የሴቲቱ ኮንዶም ብቻ ነው፤ ካገቡት ሴቶቻችን ግን በርሱ የሚጠቀሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

መርፌው ራሱ ለኤች አይ ቪ ያጋልጥ ይሆን የሚል ፍርሀት ብዙ ዓመት ሲወራ ኖሯል። በደቡብ አፍሪካ፥ በኬንያ፥ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የገቡበት ታላቅ ጥናት መርፌውን፥ ሉፑንና በክንድ የሚቀበረውን አመዛዝኖ ውጤቱን በ2019 እ.ኤ.አ. ሰኔ ገለጠ፤ በሦስቱ መካከል ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ከነዚያ ሴቶች 397ቱ በጥናቱ ጊዜ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። እርግዝናን ለመከላከል የመጣች ሴት በበሽታው ስትያዝ ማየት ለሐኪሞቹም ከባድ ነገር ነበር። ሁለቱንም ባንድነት የሚከለክል አንድ ነገር ይሠራ የሚለው አሳብ ብርታት ያገኘው እንዲህ ካለው ነገር የተነሣ ነው። የሚሠራው ግን ምን ዓይነት ይሁን? ክኒን፥ መርፌ፥ ቀለበት ወይስ ቅባት? ይህን የሚያውቀው የሚወስደው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በውጭ አገር የሚዘጋጁት የጥያቄ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ ስለ ዋጋው፥ ስለ ሽታው፥ ስለ መጠኑና ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ይጠይቃሉ። ደግ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆነች ሴት ግን ሌላ ሚዛን አላት። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ እንደማትገባ፥ ሥጋ ወደሙን እንደማትቀበል፥ ጠበልም እንደማትጠጣ እናውቃለን፤ በቅጽሩ ወይም በደጁ ቆማ ታስቀድሳለች። ደም በየሳምንቱ የሚንጠባጠብባት ሴት እንግዲህ ምን ትሁን? ሐኪሙ ይህን «ቀላል ደም፥ የማያሠጋ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በሕክምና ረገድም እውነቱን ነው። ለርሷ ግን የጾመ ፍልሰታ 15 ቀን በሙሉ ከደጅ መቆም ነው፤ ልጇ ክርስትና ሲነሣ ከውጭ መቅረት ነው፤ ለቊርባን ተዘጋጅታ ሳለ በዋዜማው መመለስ ነው። ጐረቤትም «ስለ ምን አትገባም?» እያለ ይመለከታታል። ይህን ችግር የሚጽፍ ባዶ ቦታ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ሴቲቱ አትናገረውም፤ አጥኚውም መርፌው ስለ ምን እንደ ተተወ ሳያውቅ ይቀራል።

የደብረ ብርሃን ሥላሴን ወይም የቊስቋምን ደጅ በበዓል ቀን ያየ ሰው በቅጽሩ ጥግ ተደግፈው የሚያስቀድሱትን ሴቶች ብዛት ያውቃል። ከነዚያ መካከል ስንቶቹ በተፈጥሮ ሥርዐት፥ ስንቶቹስ በመድኃኒት ምክንያት እንደ ቆሙ መጠየቅ ለቤተ ክርስቲያናችንም ለሕክምናውም የሚጠቅም ነገር ነው። ከሥርዐቱ ውጭ የመጣ የመድኃኒት ደም እንዴት እንደሚታይ ሴቲቱ በግምት ከምትፈርድ የንስሐ አባቷን ብትጠይቅ ይሻላል፤ የንስሐ አባትም ጥያቄው ሲመጣ ፊቱን ባያጠቊር መልካም ነው።

ጾሙም እንደዚሁ ነው። በየቀኑ ባንድ ሰዓት መዋጥ ያለበትን ክኒን ጧት እንድትውጠው የተነገራት ሴት ዐቢይ ጾም ሲገባ ትቸገራለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ናትና። አንዳንዷ ትተወዋለች፥ አንዳንዷም ወደ ማታ ታዛውረዋለች። ማታ እንድትውጠው ከመጀመሪያው ቢነገራት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ክኒኑ ጧትም ማታም ቢዋጥ፥ ሰዓቱ እስካልተዛባ ድረስ፥ ኀይሉ ያው ነው። በክንድ የሚቀበረውንም ብዙዎች የሚፈሩት ክንድ ያደክማል፥ እንስራና ጭራሮ መሸከም ያስቀራል ብለው ነው። ክንዱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ጥቂት ቀን ቢያም እንጂ ከዚያ በኋላ ሥራ አይከለክልም። ነገር ግን «ክንዴ ለሥራ ይቀርልኛልን?» የምትለው ጥያቄ የወይን ወይም የቢሮ አገር ሴት የማትጠይቀው ናት፤ የሰሜን ደጋ ሴት ግን ከሁሉ አስቀድማ ትጠይቃታለች።

ነገሩን ቀድሞ ያሰቡ ሰዎች የሉም ማለት አይደለም። ዲኬቲ የተባለው ድርጅት በ2000 ዓ.ም. መባቻ በአዲስ አበባ የቡና መዓዛ ያለው ኮንዶም አውጥቶ ነበር፤ ሰው የላስቲኩን ሽታ ስለ ጠላው በቡና ለመሸፈን አስቦ ነው። የሰውን አፍንጫ ጠይቀው ማለት ነው። ብልሀት ነው፥ አንነቅፈውም፤ ከአፍንጫ አልፎ ልብን መጠየቅ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ካልጠየቁ፥ ወይም አጠያየቁን ካላወቁበት፥ ምን እንደሚመጣ ዓለም አንድ ጊዜ በትልቁ አይቶታል። ከ2009 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ፥ በኡጋንዳና በዚምባብዌ «ቮይስ» የተባለ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ትርጓሜውም ድምፅ ማለት ነው። 5,029 ሴቶች ገቡበት። ለአንዳንዶቹ ኤች አይ ቪን የሚከለክል ክኒን፥ ለሌሎቹም የሚቀባ ቅባት በየቀኑ እንዲጠቀሙ ተሰጣቸው፤ ከመካከላቸውም ሐኪሞች እንደሚያደርጉት መድኃኒት የሌለበት ለማነጻጸሪያ የተሰጣቸው ነበሩ። በየወሩ ሲጠየቁ ሴቶቹ «አዎን፥ እንወስዳለን» ይሉ ነበር። በቃላቸው ቢታመን ከመቶ ወደ 90 የሚጠጋ ወስደዋል። ጥናቱ ሲያልቅ ግን ደማቸው ተመረመረ፤ መድኃኒቱ የተገኘው ከመቶ 25 እስከ 30 በሚሆነው ናሙና ውስጥ ብቻ ነበር። ክኒኑም ቅባቱም ሴቶቹን ሳይጠብቅ ቀረ፤ ያልተዋጠ መድኃኒት እንዴት ይጠብቃል?

እነዚህን ሴቶች ውሸታሞች ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። አጥኚዎቹ ኋላ ተመልሰው የደሙን ውጤት ለሴቶቹ ራሳቸው አሳይተው፥ ሳይቈጡና ሳያሳፍሩ በጠየቋቸው ጊዜ እውነቱ ወጣ። ክኒኑ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች የሚወስዱት ዓይነት ስለ ሆነ የታመሙ እንዳይመስሉ ፈርተው ነበር። ባል ወይም ወዳጅ፥ ቤተሰብም ቢያየው ምን ይላል ብለው ሠግተው ነበር። ጤነኛ ሆነው ሳለ የሚጐዳ መድኃኒት ስለ ምን እንውሰድ ብለውም ነበር። ለመሆኑ ይሠራ እንደ ሆነ ገና ያልታወቀ ነገር እየዋጡ ማደር ለማን ይቀላል? ይህ ሁሉ ቃል ከጥናቱ በፊት ቢሰማ ኖሮ ስንት ድካም በቀረ። ድምፅ የተባለው ጥናት የሴቶቹን ድምፅ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተሻሽሏል። በኬንያና በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ትሪዮ በተባለ ጥናት ለ277 ወጣት ሴቶች መድኃኒት የሌለባቸው ክኒን፥ ቀለበትና መርፌ በየተራ ተሰጥቷቸው፥ እያንዳንዱን ኖረውበት ካዩ በኋላ የትኛውን እንደሚመርጡ ተጠየቁ። ብዙዎቹ መርፌን መረጡ። ሲያወሩለት ጥሩ የሚመስለው ነገር ኖረው ሲያዩት ሌላ ሊሆን ይችላልና ይህ አካሄድ የማስተዋል ነው። በየወሩ የሚለወጠው ዳፒቪሪን የተባለው ቀለበት በ2016 እ.ኤ.አ. በኤች አይ ቪ መያዝን ከመቶ 27 ያህል እንደ ቀነሰ ታየ፤ ዕድሜያቸው 21ና ከዚያ በታች ለሆኑት ግን አልጠቀመም፥ እምብዛም አላደረጉትምና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ጥር ተጨማሪ አማራጭ እንዲሆን አዘዘ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጋ ሌናካፓቪር የተባለ መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ለ2,134 ወጣት ሴቶች ተሰጥቶ ከነርሱ አንዲት እንኳ በኤች አይ ቪ አልተያዘችም። በዚያው ጥናት ክኒን ከተሰጣቸው ግን የተያዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ በየቀኑ አልዋጡትምና። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ይህን መርፌ እንድንጠቀምበት መክሯል። ይህ መርፌ ግን እርግዝናን አይከለክልም፤ ሁለቱን ባንድነት የሚያደርገው ነገር ገና በመሠራት ላይ ነው።

በሀገራችን የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ እንዲያውም ጐንደር በዚህ ነገር የቆየ ስም አላት። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኰንኖች፥ የማኅበረ ሰብ ነርሶችና የንጽሕና ጠባቂዎች ባንድነት ይሠለጥኑ ነበር፤ ሐሳቡም ሐኪም በሆስፒታል ተቀምጦ ታማሚ ከሚጠብቅ ወደ ሕዝቡ ቤት ይሂድ ነው። የዛሬው የጐንደር ዩኒቨርሲቲ የዚያ ኮሌጅ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጐንደር በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዳባት የጥናት ማዕከል አለው፤ መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደ ተወለደ፥ ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንዳገባና ማን ወደ ሌላ አገር እንደ ሄደ ይጽፋሉ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስለ ቤተሰብ ዕቅድ በየጊዜው ያጠናል፤ ጠያቂዎቹ ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ናቸው። ከሚጠይቋቸውም ጥያቄዎች አንዱ «የፈለግሽውን ዓይነት አገኘሽን?» የሚለው ነው። ባጭሩ የተነገረ፥ ግን ብዙ የሚያወጣ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ዋጋ የሚኖረው ሴቲቱ ብቻዋን ስትሆን ነው። በ2016ቱ ጥናት ሴትን የጠየቀች ሴት ናት፤ ስለ ቤት ውስጥ ዱላ በሚጠየቅበት ክፍል ደግሞ ሌላ ሰው ድንገት ቢገባ ጠያቂዋ ነገሯን እንድታቋርጥ ታዛለች። ይህን የሰማ አባወራ «በቤቴ ምን ይደበቅብኛል?» ብሎ ይቈጣ ይሆናል። እኛ ግን ይህ ሥርዐት ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር አይመስለንም። የንስሐ አባት ባልን ለብቻው፥ ሚስትን ለብቻዋ አይደለምን የሚያናዝዘው? ቀስ ብሎ ይጠይቃል፥ አይደነግጥም፥ የሰማውንም አያወጣም። ጥሩ አናዛዥ የሆነ ካህን ለእነዚህ ወጣት ጠያቂዎች ከማናቸውም ሥልጠና የሚበልጥ ትምህርት በሰጣቸው ነበር።

ጌታችንም በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚለምነውን ዕውር ባገኘው ጊዜ ዐይኑ እንደ ጠፋ ማንም ያይ ነበር፤ ነገር ግን ሳይጠይቀው አላዳነውም፥ ፈቃዱን ከአፉ ሰማ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውንም ሴት እናስብ። ገንዘቧን በባለ መድኃኒቶች ጨርሳ ነበር፤ ከኋላ በስውር መጥታ የልብሱን ጫፍ ነካች። ተፈውሳ ዝም ብላ ልትሄድ ትችል ነበር። እርሱ ግን አቆማት፥ እርሷም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ ነገረችው። ስለ ደሟ በሕዝብ መካከል ተናግራ ሳለ አንዲት የወቀሳ ቃል አልሰማችም። ይህን ወንጌል በየዓመቱ የምንሰማ ሰዎች ሴት ስለ ደሟ ስትናገር ጆሮአችንን ብንደፍን አያምርብንም።

ባሎችን የሚመለከት አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በ2016 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ካሉት ጐልማሶች ኤች አይ ቪ ያለባቸው ከመቶ 0.9 ነበሩ፤ በከተማ 2.9፥ በገጠር 0.4። ከሴቶች 1.2፥ ከወንዶች 0.6 መሆኑን ልብ በሉ። በቤቷ ተቀምጣ፥ በተክሊል ያገባችውን ባሏን ጠብቃ፥ በሽታው ወደ አልጋዋ የመጣባት ሴት ብዙ ናት። ለእርሷ «ኮንዶም ተጠቀሚ» ማለት ባልሽን ጠርጥረሽ ተናገሪው ማለት ነው፤ በማግሥቱ የሚመጣውን ጠብ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ነው። ሴቶች በራሳቸው እጅ ያለ መከላከያ የሚሹት ከድፍረት የተነሣ ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱም ደም ይመርመር፤ ከጋብቻም በኋላ ሩቅ አገር ሠርቶ የተመለሰ ባል ሳይጠየቅ ራሱ ሄዶ ቢመረመር ከስንት ስጦታ ይበልጣል። ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል ሰው ካለ ደግሞ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉን እየጠጡ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ መፍቀዳቸውን ያስታውስ።

ዘመኑ ለጥያቄም ለመድኃኒትም የተመቸ አይደለም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. መካከል ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮም በክልላችን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። ለሦስት ወር የተወጋች ሴት ቀኗ ሲደርስ መንገድ ከተዘጋ መርፌው አይጠብቃትም። ሰላም በሌለበት አገር በክንድ ሥር ሦስት ዓመት የሚቆየው የሚሻል የሚመስላት ትኖራለች፤ ሌላዋ ደግሞ የሚያወጣላት ሐኪም ባይገኝስ ብላ ትፈራለች። ሁለቱም ማስተዋል ነው፥ ሁለቱም በወረቀት መስፈር አለበት። ከዚህ ሌላ የአሜሪካ መንግሥት በ2025 እ.ኤ.አ. የካቲት ለእንዲህ ያለው የሕዝብና የጤና ጥናት በዓለም ሁሉ ይሰጠው የነበረውን ገንዘብ አቋርጧል። በሌላ አገር ገንዘብ የተጠየቀች ሴት በሌላ አገር ውሳኔ ሳትጠየቅ ልትቀር ነውን? የጥያቄ ወረቀትና የአንዲት ጠያቂ የቀን አበል እኛው የማንችለው ወጪ አይመስለንም።

እንግዲህ ደብተር ወይም ስልክ የያዘች ወጣት ጠያቂ በደጃችሁ ቆማ ብታገኟት ውሻውን ያዙላት፥ ግቢ በሏት። የማንነቷን ወረቀት ታሳያችሁ፥ ይህ መብታችሁ ነው፤ ሴቲቱም መልስ የማትሰጥበት ጥያቄ ካለ አልመልስም ማለት ትችላለች፥ ማንም አያስገድዳትም። ቡና ከተፈላ ለእንግዳዋ ይቀዳላት። ሁለተኛው ሲቀዳ ግን የቤቱ ጌታ ከብቶቹን አይቶ ልመለስ ብሎ ወደ ውጭ ብቅ ቢል፥ አማትም እህል ለማስጣት ቢነሡ አይከፋም።